ፋታ ያላገኘው ጠቅላይ ሚኒስትር

የ1966ን የካቲት የሚያስታውሱ ሰዎች ሲያወሩ ታሪኩ ተቆራርጦ ነው የሚወጣው። አንዱ የታክሲዎቹን አድማ ያነሳል፣ ሌላው የነገሌ ወታደሮችን፣ ሌላው የወሎን ረሃብ፣ ሌላው ንጉሠ ነገሥቱ በትንሽ ቮልስዋገን የተወሰዱበትን ጠዋት። አንዲት ቃል ግን ሁሉም ያውቃታል፤ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ከሕዝቡ የለመኗትን «ፋታ»ን።

እንዳልካቸው ፋታውን ለምን አላገኙም? መልሱን በእሳቸው ድክመት ወይም በደርግ ተንኮል ብቻ የሚፈልጉ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ነገሩ የሚጀምረው እሳቸው ወንበሩ ላይ ከመቀመጣቸው ብዙ ዓመት በፊት ነው ባይ ነኝ። መንግሥቱ ለአቤቱታ ዓመታት፣ ለአመፅ ግን ቀናት እየሰጠ ሕዝቡንና ጦሩን አንድ ትምህርት አስተምሯቸው ነበር።

ከ1935 እስከ 1953፦ ሁሉም ጉዳይ ወደ አንድ በር

ከጣልያን ወረራ በኋላ መንግሥቱ እንደገና ሲቋቋም የሚኒስትሮች ሥልጣን በ1935 ዓ.ም. በሕግ ተወሰነ። ጠቅላይ ሚኒስትር የሚባል ሹመት መጣ፤ የመጀመሪያውም ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ሆኑ፣ የኋላው የልጅ እንዳልካቸው አባት። ሹመቱ ትልቅ ስም ነበረው፤ ሥልጣኑ ግን የስሙን ያህል አልነበረም። በእነዚያ ዓመታት ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ይበልጥ የሚፈሩት ማኅተሙን የያዙት የጽሕፈት ሚኒስትሩ ጸሐፊ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ነበሩ። እሳቸውም ቢሆኑ በ1947 በአንድ ቃል ከሥልጣናቸው ተነሱ።

ሚኒስትር የሚሾመውም የሚሻረውም በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ስለነበረ፣ ሚኒስትሩ በራሱ ፊርማ ነገር መጨረስን ይፈራል። ትንሹም ትልቁም ጉዳይ ወደ ላይ ይላካል፤ «ለግርማዊነታቸው ይቅረብ» ይባላል፤ ተራው እስኪደርስ ወራት ያልፋሉ። ባለጉዳይ ከክፍለ ሀገር ስንቁን ይዞ ይመጣና ከዘመድ ቤት ተጠግቶ ደጅ ይጠናል። ስንቁ ሲያልቅበትና ቀጠሮው ሲበዛበት ማመልከቻውን አስጽፎ ንጉሠ ነገሥቱ በመኪና የሚያልፉበትን መንገድ ይጠብቃል፤ መኪናው ሲቃረብ እጅ ነስቶ ወረቀቱን በሁለት እጁ ከፍ ያደርጋል። ወረቀቱን የተቀበሉት ዕድለኛ ነው። በአንድ ሰው ዓይንና ጆሮ የሚሠራ መንግሥት የዚያን ሰው የቀን ሰዓት ያህል ብቻ ነው የሚሠራው። አገሪቱ ደግሞ እያደገች፣ ትምህርት ቤቱ እየበዛ፣ ጉዳዩ እየተከመረ ነበር።

በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝብ የሚመርጠው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አመጣ። የመጀመሪያው ምርጫም ተከተለ። ይሁን እንጂ ፓርቲ አልነበረም፤ ለመመረጥ ንብረት ያስፈልግ ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ተጠሪነቱ ለዙፋኑ እንጂ ለምክር ቤቱ አልነበረም።

ታኅሣሥ 1953፦ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ

ንጉሠ ነገሥቱ ለጉብኝት ብራዚል ሳሉ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ማታ፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሱ። በሬዲዮ የተነበበው አዋጅ ዋና ክሱ መዘግየት ነበር፤ ትናንት ነጻ የወጡ የአፍሪካ አገሮች ወደፊት ሲራመዱ የ3 ሺህ ዓመት ታሪክ ያላት ኢትዮጵያ ወደኋላ ቀርታለች የሚል።

ምድር ጦርና አየር ኃይል ከንጉሡ ጎን ስለቆሙ ሙከራው በጥቂት ቀን ውስጥ ከሸፈ። ሲከሽፍ ግን በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ታግተው የነበሩት ታላላቅ ሰዎች በጥይት ተገደሉ። ከሟቾቹ መካከል በጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አርበኛው ራስ አበበ አረጋይ ይገኙበታል።

ከዚያ የተማረው ማን ነበር? ጦሩ ነበር። ዙፋኑን ያዳነው ሠራዊት ወዲያው የደሞዝ ጭማሪ ጠየቀ፣ አገኘም። ከሦስት ዓመት በኋላ እንደገና ጠየቀ፣ እንደገና አገኘ። በአዋጁ የተነሳው የመሬትና የአስተዳደር ጥያቄ ግን ለቀጠሮ ተላለፈ።

ከ1953 እስከ 1965፦ በቀጠሮ ያለፉ ዓመታት

የራስ አበበን ወንበር የያዙት ጸሐፊ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነበሩ። የቡልጋ ካህን ልጅ፣ በእስክንድርያና በፓሪስ የተማሩ፣ ከጦርነቱ በኋላ በየጉባኤው ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩ ዲፕሎማት ናቸው። በውጭ ጉዳይ ለዚህች አገር የዋሉትን ውለታ ማንም ሊክደው አይገባም። በአገር ውስጥ ግን 13 ዓመት ያህል የመሩት መንግሥት ከቤተ መንግሥቱ ቃል ሳይጠብቅ የሚጨርሰው ጉዳይ ጥቂት ነበር።

በ1958 አንድ የተስፋ በር ተከፈተ። ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቹን መርጦ እንዲያቀርብ ፈቀዱ፤ አክሊሉም ደርበው ይዘውት የነበረውን የጽሕፈት ሚኒስትርነት ተዉ። በወረቀት ላይ ትልቅ ለውጥ ነበር። በተግባር ግን ሚኒስትሮቹ ጠቅላይ ሚኒስትሩን አልፈው ወደ ቤተ መንግሥት መሄዳቸውን አልተዉም፤ የመጨረሻው ቃልም እዚያው ቀረ። ንጉሡም እያረጁ ነበር።

ትልቁ ፈተና መሬት ነው። በደቡብ ጭሰኛው ከሚያመርተው ሲሶውን፣ በብዙ ቦታም እኩሌታውን ለባለ መሬቱ ይሰጣል፤ ባለ መሬቱ ባሰኘው ጊዜ ደግሞ ሊያስነሳው ይችላል። ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው በ1957 አደባባይ ወጡ። በቀጣዩ ዓመት የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ። ሚኒስቴሩ ባለ መሬትና ጭሰኛ በውል የሚተዳደሩበትን ረቂቅ አዘጋጀ፤ ረቂቁ ምክር ቤት ገባ፣ ተመለሰ፣ ተሻሻለ፣ እንደገና ገባ። ከሚወያዩበት እንደራሴዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ባለ መሬቶች ነበሩ። ረቂቁ እስከ 1966 ድረስ ሕግ አልሆነም።

በዚሁ ጊዜ ምን እንደሆነ እንመልከት። የባሌ ገበሬ በመሬትና በግብር በደል ጠመንጃ አንስቶ ለዓመታት ተዋጋ። በ1960 አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ አልገብርም አለ። መንግሥት ጦር ላከ፤ ገበሬው አልተበገረለትም። በመጨረሻ ጦሩ ተመለሰ፣ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። ለዓመታት በአቤቱታ ያልተገኘው በአንድ ክረምትና በጋ እምቢታ ተገኘ። ይህን ያየ ሌላ ገበሬ፣ ሌላ ወታደር፣ ሌላ መምህር ምን ይበል?

ቀጥሎ የወሎ ረሃብ መጣ። በ1964 እና በ1965 ዝናቡ ሲቀር የእህሉ መጥፋት በየደረጃው ይታወቅ ነበር፤ ሪፖርቱ ግን እንደማንኛውም ጉዳይ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲጓዝ ሰው በየመንገዱ ወደቀ። በ1965 ጸደይ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሱትን ፎቶግራፍ ግቢያቸው ውስጥ ለዕይታ አቀረቡ። በዚያው ዓመት ግንቦት አዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን አሥረኛ ዓመት በድግስ አከበረች። በጥቅምት 1966 የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ሁሉ ሰማ። ንጉሠ ነገሥቱ ወሎን የጎበኙት ከዚያ በኋላ ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። መዘግየት ነፍስ እንደሚያጠፋ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

ከጥር 4 እስከ የካቲት 20 ቀን 1966፦ ሰባት ሳምንት

ነገሌ ቦረና በረሃ ላይ የነበሩት የ4ኛ ብርጌድ ወታደሮች የውሃ መሳቢያቸው ተበላሸ። የመኮንኖቹ ግን ይሠራ ነበር፤ ወታደሩ ከእሱ እንዲቀዳ አልተፈቀደለትም። ምግቡም የሚበላ አልነበረም። በደንቡ አመለከቱ፤ መልስ አጡ። ጥር 4 ቀን አዛዦቻቸውን አሰሩ።

ንጉሠ ነገሥቱ የምድር ጦር አዛዡን ሌተናል ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ። ወታደሮቹ ጄኔራሉንም ያዟቸው። እነሱ የሚበሉትን አቀረቡላቸው፣ እነሱ የሚጠጡትን ውሃ ቀዱላቸው፤ ጄኔራሉ በሉ፣ ጠጡ፣ ታመሙም። በዚያ ዘመን የነበረውን አስተዳደር ለማስረዳት ከዚህ ትእይንት የተሻለ አላውቅም፤ ወታደሮቹ ያንን ምግብና ያንን ውሃ በወረቀት ጽፈው ሲልኩ ቆይተዋል፣ የሚሰማ የተገኘው ግን ጄኔራሉ ሳህኑ ፊት ሲቀመጡ ነው። ከቤተ መንግሥት በደሉ ይታያል የሚል ቃል መጣላቸው። ማንም አልተቀጣም። ወሬው በጦሩ የሬዲዮ መገናኛ ከሰፈር ሰፈር ተዳረሰ። የካቲት ሲገባ የደብረ ዘይት አየር ኃይል ተከተለ።

በከተማው ደግሞ ሌላ እሳት ተጭሯል። በዓረቦችና በእስራኤል ጦርነት ምክንያት የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲንር መንግሥት ቤንዚን ላይ ግማሽ ያህል ጨመረ፤ የታክሲ ታሪፍ ግን እንዳይጨመር ከለከለ። የዕለት ገቢውን ለባለ መኪናው የሚያስረክብ የሲቼንቶ ታክሲ ሾፌር ልዩነቱን ከየት ያምጣ? የካቲት 11 ቀን ሰማያዊና ነጮቹ ታክሲዎች ቆሙ። በዚያው ቀን መምህራን ሥራ አቆሙ፤ «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ዕቅድ የድሃውን ልጅ ከጥቂት ዓመት ትምህርት በኋላ ወደ እርሻ ይመልሰዋል ብለው። ተማሪው ወጣ፤ የአንበሳ አውቶቡስ መስተዋት ረገፈ።

መንግሥቱም ያንን የቆየ ልማዱን ደገመው። የካቲት 16 ቀን፣ አድማው በተጀመረ በአምስተኛው ቀን፣ ከቤንዚኑ ጭማሪ ከፊሉ ተነሳ። ሴክተር ሪቪው ይቆይ ተባለ። ለጦሩ ደሞዝ ተጨመረ። የጭሰኛው ረቂቅ ለዓመታት ሲንከራተት ለታክሲ አምስት ቀን በቃ። ሕዝቡ ሁለቱን አነጻጸረ። የካቲት 18 ቀን አሥመራ የነበረው 2ኛ ክፍለ ጦር ጭማሪው አይበቃም ብሎ ተነሳ፣ የሬዲዮ ጣቢያውን ያዘ፣ ጥያቄውን ዘረዘረ። ሌሎች የጦር ክፍሎች ተከተሉት። የካቲት 20 ቀን የአክሊሉ ካቢኔ በሙሉ ሥልጣን ለቀቀ።

ከየካቲት 21 እስከ ሐምሌ 15፦ ፋታ

በማግሥቱ የተሾሙት ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ተራ ሰው አልነበሩም። በኦክስፎርድ የተማሩ፣ በለንደን አምባሳደር፣ በተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ መልእክተኛ የነበሩ፣ በ1964 ለድርጅቱ ዋና ጸሐፊነት እስከ መወዳደር የደረሱ፣ ንግግር የሚያውቁ ሰው ናቸው። ካቢኔያቸው ውስጥም እንደ ደጃዝማች ዶክተር ዘውዴ ገብረ ሥላሴና ልጅ ሚካኤል እምሩ ያሉ የተማሩና ለውጥ ይምጣ የሚሉ ሰዎች አስገቡ። መከላከያውን ሌተናል ጄኔራል አብይ አበበ ያዙ።

ችግሩ ሰው ስሙን ሲሰማ መጀመሪያ ያየው ትውልዱን መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ፣ የመኳንንት ቤት፣ ከአክሊሉ ካቢኔ የተነሳ ሚኒስትር። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት ለዚህ የተበጀ ይመስላል። እንዳልካቸው ካቢኔው ሥራውን እስኪጀምርና ዕቅዱን እስኪያወጣ ፋታ እንዲሰጠው ለመኑ። ጥያቄው በራሱ አግባብ ነበር። የትኛውም መንግሥት የመሬትን ጉዳይ በሳምንት አይጨርስም። ግን ፋታው ከ1953 ጀምሮ ተሰጥቶ፣ ተሰጥቶ አልቋል። እንዳልካቸው የሌላውን ዕዳ ነው የወረሱት።

ንጉሠ ነገሥቱ የካቲት 26 ቀን ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻልና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለምክር ቤቱ ተጠሪ እንዲሆን እንደሚደረግ አስታወቁ። በ1953 ወይም በ1958 ቢነገር ኖሮ አገር በደስታ የምትቀበለው ቃል ነበር። በሁለተኛው ቀን ግን የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። ፋብሪካው፣ ባቡሩ፣ ብዙው የከተማ ሥራ ለአራት ቀን ቆመ፤ መንግሥት ጥያቄዎቹን ተቀብሎ ፈረመ። ከዚያ ወዲያ ቀን የሚያልፈው በአድማ ነበር፤ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የማዘጋጃ ቤቱ፣ ካህናት ሳይቀሩ የኑሮ ጥያቄ ይዘው ተነሱ። ጅማ ላይ ሕዝቡ በአገረ ገዥው ላይ ተነስቶ እንዲነሱ አደረገ። ሚያዝያ 12 ቀን ሙስሊሞችና አብረዋቸው የቆሙ ክርስቲያኖች የሃይማኖት እኩልነት እንዲከበር በአዲስ አበባ ታላቅ ሰልፍ ወጡ። በብዛቱና በጨዋነቱ የዚያን ዓመት ሰልፎች ሁሉ የሚበልጥ፣ እኛም ዛሬ ልናስታውሰው የሚገባ ሰልፍ ነበር።

እንዳልካቸው በሚያዝያ መባቻ የመሬት ማሻሻያን ጨምሮ የፖሊሲ መግለጫ አወጡ። መግለጫው መልካም ነበር። ነገር ግን አድማ ለሚያደርገው ደሞዝ፣ ለሚጠብቀው መግለጫ የሚሰጥበት ያ የቆየ ልማድ በእሳቸውም ጊዜ አልተሰበረም። የጦሩን ልብ ለማግኘት በጦሩ ውስጥ ከነበረ ኮሚቴ ጋር አብረው ሠሩ፤ ሚያዝያ 18 ቀን የቀድሞዎቹ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉም ጭምር፣ ታሰሩ። ይህ በእኔ ፍርድ የእንዳልካቸው ትልቁ ስህተት ነው። የራሳቸውን ዕድሜ ለማራዘም ያለ ፍርድ መታሰርን ለቀቁት፤ በሩ ከተከፈተ ወዲያ ማን ሊዘጋው ይችላል?

ሰኔ 21 ቀን ከየጦር ክፍሉ የተላኩ መቶ የሚበልጡ መኮንኖች፣ ባለሌላ ማዕረጎችና ወታደሮች በአዲስ አበባ 4ኛ ክፍለ ጦር ሰፈር ተሰብስበው አስተባባሪ ኮሚቴ፣ ማለትም ደርግ፣ አቋቋሙ። በሳምንት ጊዜ ውስጥ «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚል መፈክር አወጡ፤ የፖለቲካ እስረኞች እንዲፈቱ፣ ሕገ መንግሥቱ እንዲፋጠንና ካቢኔው ከእነሱ ጋር እንዲሠራ ንጉሠ ነገሥቱን ጠየቁ። ሁሉም ተፈቀደላቸው። ከዚያ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፋታ የሚጠይቁት ከሕዝብ ሳይሆን ከደርግ ሆነ። ሐምሌ 15 ቀን ከሥልጣን ወረዱ፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ ታሰሩ። ወንበሩ ላይ የቆዩት 144 ቀን ነው።

ከሐምሌ 15 እስከ መስከረም 2 ቀን 1967፦ ሃምሳ ሁለት ቀን

ተተኪው ልጅ ሚካኤል እምሩ በቅንነታቸውና ለተራማጅ አሳብ ባላቸው ቅርበት የታወቁ የልዑል ራስ እምሩ ልጅ ነበሩ። ሆኖም አገር የሚመራው ከእሳቸው ቢሮ አልነበረም። ሕገ መንግሥቱን እንዲያሻሽል የተሰየመው ኮሚሽን በነሐሴ ረቂቁን አቀረበ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለሕዝብ ተወካዮች ተጠሪ የሚያደርግ፣ ንጉሡን በሕግ የሚወስን ረቂቅ። ማንም አላነበበው ማለት ይቻላል። የዘውድ ምክር ቤቱና የዙፋን ችሎቱ በዚያው ወር ፈረሱ፤ አንበሳ አውቶቡስ ከንጉሣውያን ቤተሰብ ተወረሰ፤ ቤተ መንግሥቱ ራሱ የሕዝብ ንብረት ተባለ።

በእንቁጣጣሽ ማታ የዲምብልቢ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ በቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ፣ መስከረም 2 ቀን ጠዋት፣ መኮንኖች ወደ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ገብተው የመውረጃ አዋጁን ለ82 ዓመቱ ንጉሠ ነገሥት አነበቡላቸው። በቮልስዋገን የኋላ ወንበር ተቀምጠው ሲወጡ በየመንገዱ የተሰበሰበው ሕዝብ «ሌባ! ሌባ!» እያለ ጮኸባቸው። ወረቀቱን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ መኪናቸውን ሲጠብቅ የኖረው ሕዝብ ነው።

ከኅዳር እስከ የካቲት 1967

ረሃቡንና ሙስናውን እንዲመረምር በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የሚመራ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። አክሊሉም ከእስር ሆነው የዘመን ሥራቸውን ለኮሚሽኑ ጽፈው አቀረቡ። ምርመራው ሳያልቅ፣ አንድም ፍርድ ሳይሰጥ፣ ኅዳር 14 ቀን ማታ 60 ያህል ሰዎች ተገደሉ። በየካቲት ወንበሩን የለቀቁት አክሊሉ ሀብተ ወልድና በማግሥቱ የተቀመጡበት እንዳልካቸው መኮንን በአንድ ሌሊት በጥይት ወደቁ፤ በአንድ ጉድጓድም ተቀበሩ። ደርግ ከወደቀ በኋላ አፅማቸው ወጥቶ ዛሬ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ አርፏል። ለሚጠይቃቸው ሰው መታሰቢያቸው እዚያው አለ።

የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት መሆኑ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። እንዳልካቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ከተባሉ አንድ ዓመት ከአራት ቀን ሆኖ ነበር።